ማረጋገጫ ያለው ወይስ ክፍተቱ የተደፈነው? የሶፍትዌር ላይብረሪዎች በመንግሥት የደህንነት ደንቦች ሥር

የአሜሪካ የሳይበርና የመሠረተ ልማት ደህንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 2021 ለፌዴራል ሲቪል መሥሪያ ቤቶች አንድ አስቸኳይ መመሪያ አወጣ። መሥሪያ ቤቶቹ ለኢንተርኔት በተጋለጡ ሥርዓቶቻቸው ውስጥ ሎግ ፎር ጄ የተባለ አነስተኛ የሶፍትዌር ክፍል የት የት እንደሚገኝ ለይተው፣ እስከ ዲሴምበር 23 ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ እንዲያስተካክሉ፣ ይህ ካልተቻለም ሥርዓቱን ከመረብ እንዲያወጡ ታዘዙ። የተሰጣቸው ጊዜ ስድስት ቀን ብቻ ነበር።

ለብዙዎቹ መሥሪያ ቤቶች ከማስተካከሉ ሥራ ይልቅ የከበደው ፍለጋው ነበር። ሎግ ፎር ጄን በጨረታ የገዛ ወይም በንብረት መዝገብ ላይ ያሰፈረ መሥሪያ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። ክፍሉ የገባው ሌሎች ሶፍትዌሮችን ተከትሎ፣ በእነርሱ ውስጥ ተሸክፎ ነውና።

ላይብረሪ በመባል የሚታወቁት እንዲህ ያሉ ክፍሎች አንድን የተወሰነ ሥራ እንዲያከናውኑ አስቀድመው የተጻፉ የኮድ ስብስቦች ናቸው። የሶፍትዌር ባለሙያ ቀንና ሰዓት የሚያሰላ፣ ፋይል የሚጨምቅ ወይም መልእክት የሚመሰጥር ኮድ ባስፈለገው ቁጥር ከመጀመሪያው አይጽፍም፤ ሌሎች የጻፉትንና በብዙ ቦታ የተሞከረውን ወስዶ ይጠቀማል። የተወሰደው ላይብረሪ ደግሞ በተራው ሌሎች ላይብረሪዎችን ይጠቀማል፤ እነዚያም እንዲሁ። በመሆኑም አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሠራው መጠነኛ የመዝገብ አያያዝ ፕሮግራም፣ አሠሪውም ሆነ ሠሪው ስማቸውን የማያውቋቸው በርካታ ሰዎች የጻፉትን ኮድ ይዞ ይገኛል። ከእነዚህ ላይብረሪዎች አብዛኞቹ ክፍት ምንጭ በመባል የሚታወቁ፣ ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆነና በነጻ የሚሰራጩ ናቸው።

ሎግ ፎር ጄ በጃቫ ቋንቋ የተጻፈ፣ በአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሥር በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ ላይብረሪ ሲሆን፣ ተግባሩም እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚከናወነውን ሁሉ በቅደም ተከተል መመዝገብ ነው። ችግሩ የተፈጠረው መዝጋቢው የሚመዘግበውን ጽሑፍ እንደ ትዕዛዝ የሚያነብበት አሠራር ስለነበረው ነው። አንድ ሰው በመግቢያ ቅጹ ላይ በስም ቦታ የተወሰነ ቅርጽ ያለው ጽሑፍ ካሰፈረ፣ ላይብረሪው በጽሑፉ ወደተጠቆመው የውጭ ኮምፒዩተር ሄዶ ኮድ አምጥቶ ያስኬድ ነበር። የደብዳቤ መዝጋቢ ደብዳቤውን በመመዝገብ ፈንታ በደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ቢፈጽም እንደማለት ነው። ክፍተቱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 2021 በይፋ ሲታወቅ በክብደት መለኪያው ከ10 10 ተሰጥቶታል።

የክፍተቱ አገላለጥ ራሱ የደንብ ጉዳይ ሆኖ ነበር። ችግሩን አግኝቶ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ለአፓቼ ያሳወቀው የቻይናው አሊባባ ክላውድ ባለሙያ ነው። በቻይና ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ግን የምርቶች ክፍተት በ48 ሰዓት ውስጥ ለአገሪቱ የኢንዱስትሪና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር እንዲገለጽ ይጠይቃል። ሚኒስቴሩም በጊዜው አልተነገረኝም በማለት ከኩባንያው ጋር የነበረውን የመረጃ ልውውጥ ትብብር ለስድስት ወር አገደ። ላይብረሪውን የሚያዘጋጁት ሰዎች መጀመሪያ መስማት እንዳለባቸው የሚያምነው የሙያው ልማድና፣ መንግሥት መጀመሪያ መስማት አለበት የሚለው ደንብ የተጋጩበት አጋጣሚ ነበር።

የሎግ ፎር ጄ አዘጋጆች በዚያው ዲሴምበር ወር ብቻ አራት የተስተካከሉ እትሞችን በተከታታይ አውጥተዋል። የመጀመሪያው ማስተካከያ ክፍተቱን ሙሉ በሙሉ ባለመድፈኑ ሁለተኛው አስፈለገ፤ ከዚያም ሦስተኛውና አራተኛው ተከተሉ። አንድን አዲስ እትም መርምሮና ፈትኖ ለመፍቀድ ሳምንታት የሚወስድ አሠራር ያለው መሥሪያ ቤት በዚህ ሁኔታ ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። የመጀመሪያው እትም ፈቃድ ሳያገኝ አራተኛው ይደርሳል።

በጉዳዩ ላይ የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ገምጋሚ ቦርድ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ባወጣው ሪፖርት እንዳመለከተው፣ አንድ የፌዴራል ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ለዚህ አንድ ላይብረሪ ምላሽ ለመስጠት 33 ሺህ የሥራ ሰዓት አውሏል። ቦርዱ ክፍተቱ ያለባቸው ሥርዓቶች ለአሥር ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊገኙ እንደሚችሉም ገልጿል። ግምቱ መሠረት እንዳለው የታየው ብዙም ሳይቆይ ነው። በኖቬምበር 2022 ይፋ በተደረገ መግለጫ፣ ከኢራን መንግሥት ጋር ግንኙነት ያላቸው ሰርጎ ገቦች ሳይስተካከል በቀረ አንድ ሰርቨር አማካይነት በዚሁ ክፍተት ወደ አንድ የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤት መረብ መግባታቸው ተገልጿል። የገቡት በየካቲት ወር አካባቢ፣ ማለትም የአስቸኳይ መመሪያው ቀነ ገደብ ካለፈ በኋላ ነበር። የቤልጂየም መከላከያ ሚኒስቴርም በዲሴምበር 2021 በዚሁ ክፍተት በደረሰበት ጥቃት ከመረቡ ከፊሉን ለመዝጋት ተገዷል።

ከዚህ በመነሳት ትኩረት ያገኘው የመጀመሪያው ጉዳይ የንብረት ምዝገባ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ መጋዘን የሚገባ ወንበርም ሆነ የወረቀት ደስጣ በሞዴል 19 ገቢ ሳይደረግ፣ ሲወጣም በሞዴል 22 ሳይፈረምበት አይንቀሳቀስም። ሶፍትዌር ግን በአንድ ስም፣ በአንድ ሣጥን ይገባል፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን የሚቆጥር የለም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2021 ያወጡት 14028ኛው የሥራ አስፈጻሚ ትዕዛዝ ለመንግሥት የሚቀርብ ሶፍትዌር የግብዓቶቹን ዝርዝር ይዞ እንዲቀርብ የሚያስችል አሠራር እንዲዘረጋ ያዘዘው ይህን ለማስተካከል ነበር። ትዕዛዙ ከሎግ ፎር ጄ ሰባት ወር ቀድሞ የወጣ ቢሆንም በጊዜው ገና በተግባር አልተተረጎመም ነበር።

በጁላይ 2021 በወጣው ዝቅተኛ መስፈርት መሠረት አንድ የግብዓት ዝርዝር ለእያንዳንዱ ላይብረሪ የአቅራቢውን ስም፣ የላይብረሪውን ስም፣ የእትሙን ቁጥር፣ ሌሎች መለያዎቹን፣ ከሌሎች ጋር ያለውን ጥገኝነት፣ ዝርዝሩን ያዘጋጀውን አካልና የተዘጋጀበትን ቀንና ሰዓት መያዝ አለበት። ሲታይ ቀላል ቅጽ ነው። ይሁን እንጂ በሰው እጅ ተሞልቶ በሣጥን የሚቀመጥ ዝርዝር ፋይዳው እምብዛም ነው፤ ሶፍትዌሩ በተሻሻለ ቁጥር በማሽን ታድሶ፣ አዲስ ክፍተት በታወቀ ዕለት በደቂቃዎች ውስጥ ሊፈተሽ የሚችል መሆን ይኖርበታል። ዝርዝሩ ባለመኖሩ የሚደርሰው ጉዳት እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካው የብድር መረጃ ኩባንያ ኢኩፋክስ ታይቷል። ስትራትስ በተባለው ላይብረሪ ላይ የታወቀው ክፍተት በማርች ወር ማስተካከያ ወጥቶለት፣ ማስጠንቀቂያውም ለኩባንያው ደርሶት ነበር። ሆኖም ላይብረሪው ያለበት ሥርዓት በፍተሻ ሳይገኝ በመቅረቱ ከ140 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች የግል መረጃ ተሰርቋል።

ሁለተኛውና ይበልጥ አስቸጋሪው ጉዳይ የማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ነው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ማንኛውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት መረጃን ለመመስጠር የሚጠቀምበት ኮድ ፊፕስ 140 በተባለው ደረጃ መሠረት የተፈተነና የተረጋገጠ መሆን አለበት። ፈተናውን ዕውቅና የተሰጣቸው ላቦራቶሪዎች ያካሂዳሉ፤ የምስክር ወረቀቱን የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ኒስት፣ ከካናዳ የሳይበር ደህንነት ማዕከል ጋር በጋራ ይሰጣል። ደንቡ ጥብቅ ነው። ያልተረጋገጠ ምስጠራ ምንም ጥበቃ እንደማይሰጥ፣ መረጃውም እንዳልተመሰጠረ ግልጽ ጽሑፍ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የፌዴራል የኢንፎርሜሽን ደህንነት ሕግ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ከዚህ ግዴታ ነጻ የማድረግ ሥልጣን እንዳይኖራቸው አድርጓል።

የምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው ግን ለአንድ የተወሰነ እትም ነው። በእትሙ ላይ አንድ መስመር ኮድ ቢለወጥ፣ ለውጡ ስህተትን ለማረም ቢሆንም እንኳ፣ የተለወጠው ኮድ የተረጋገጠው ኮድ አይደለም። እንደገና ለማስፈተን ደግሞ ገንዘብና ጊዜ ያስፈልጋል፤ የወረፋው ርዝመት ከአንድ ዓመት ያለፈባቸው ጊዜያት ነበሩ። በዚህም የተነሳ አንድ መሥሪያ ቤት ክፍተት እንዳለበት በይፋ የታወቀ ነገር ግን ምስክር ወረቀት ያለው እትም፣ ወይም ክፍተቱ የተደፈነ ነገር ግን ምስክር ወረቀት የሌለው እትም ከመምረጥ ሌላ አማራጭ የማይኖረው ጊዜ አለ። ኦዲተሩ የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ነው፤ ሰርጎ ገቡ የሚጠብቀውም የመጀመሪያውን ነው።

ይህ በኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ላይ በግልጽ ታይቷል። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በኢንተርኔት ላይ የሚተላለፍ መረጃን ለመመስጠር በዓለም ዙሪያ በስፋት የሚያገለግል ክፍት ምንጭ ላይብረሪ ነው። ለመንግሥት ተጠቃሚዎች የተዘጋጀውና የተረጋገጠው ሞጁል አብሮ የሚሠራው ከላይብረሪው 1.0.2 እትም ጋር ነበር። የዚህ እትም መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2019 አበቃ። ተከታዩ 1.1.1 እትም የተረጋገጠ ሞጁል አልነበረውም። አዲስ ሞጁል ያለው 3.0 እትም የወጣው በሴፕቴምበር 2021 ሲሆን ምስክር ወረቀቱን ያገኘው በኦገስት 2022 ነው። በመሆኑም ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ፣ ሁለቱንም ሁኔታዎች በነጻ የሚያሟላ የኦፕን ኤስ ኤስ ኤል እትም አልነበረም። በክፍያ የሚሰጥ ድጋፍ የገቡ ወይም በሌላ ኩባንያ የተረጋገጠ እትም የገዙ ተቋማት ክፍተቱን ተሻግረዋል፤ በነጻ የተገኘ ሶፍትዌር ዋጋ የለውም ማለት እንዳልሆነ ያኔ ሳይገባቸው አልቀረም።

የምስክር ወረቀት ምን እንደሚያረጋግጥና ምን እንደማያረጋግጥ የሚያሳይ ሌላም ታሪክ አለ። የቀድሞው የኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ሞጁል በደረጃው ከተፈቀዱት የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ ዘዴዎች አንዱን ይዞ ነበር። ዘዴው ከጊዜ በኋላ በአሜሪካ የብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ ሆን ተብሎ እንዲዳከም ተደርጓል የሚል ጥርጣሬ ያደረበት ሲሆን፣ ኒስት እ.ኤ.አ. በ2014 ከደረጃው እንደሚያወጣው አስታውቋል። አስገራሚው ነገር ግን ሌላ ነው። የሞጁሉ አዘጋጆች በዲሴምበር 2013 እንዳሳወቁት፣ ይህ ክፍል በኮድ ስህተት ምክንያት ከተሠራ ጀምሮ በተለመደ አጠቃቀም ጨርሶ የማይሠራ ነበር። ሆኖም የላቦራቶሪውን ፈተና ሁሉ አልፎ ምስክር ወረቀት ተሰጥቶታል። ስህተቱን ማረም እንደገና መፈተንን ስለሚጠይቅ አዘጋጆቹ ሳያርሙት ቀሩ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2014 ይፋ የሆነው ሃርትብሊድ የተባለው ክፍተትም የተገኘው በዚሁ ላይብረሪ ውስጥ፣ ነገር ግን ከተረጋገጠው ሞጁል ወሰን ውጭ በሆነው ክፍል ነው። ሞጁሉ በምስክር ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው ምንም እንከን ሳይኖርበት፣ ሰርቨሩ የማስታወሻውን ይዘት ለማያውቀው ሰው ይሰጥ ነበር። የካናዳ የገቢዎች ኤጀንሲ በግብር ማሳወቂያ ወቅት የኢንተርኔት አገልግሎቱን ለቀናት ለመዝጋት የተገደደ ሲሆን፣ ወደ 900 የሚጠጉ ግብር ከፋዮች የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር መወሰዱን አስታውቋል። የሚሊዮኖች ሰርቨሮች የተመኩበት ይህ ላይብረሪ በዚያን ጊዜ በዓመት ያገኝ የነበረው የበጎ አድራጎት ልገሳ ወደ 2 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ገደማ እንደነበር የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው።

በማረጋገጫና በማስተካከያ መካከል ያለውን ግጭት ለማቃለል የተወሰዱ እርምጃዎች አሉ። አንደኛው የምህንድስና መፍትሔ ነው። በኦፕን ኤስ ኤስ ኤል 3.0 የተረጋገጠው የምስጠራ ክፍል ከቀሪው ላይብረሪ ተለይቶ ራሱን የቻለ አነስተኛ ሞጁል እንዲሆን በመደረጉ፣ ቀሪው በየጊዜው ሲታደስ ሞጁሉ ባለበት ይቆያል። ሌላው የደንብ መፍትሔ ሲሆን፣ የደመና አገልግሎቶችን ለፌዴራል መንግሥት የሚያጸድቀው ፌድራምፕ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ባወጣው ፖሊሲ፣ የታወቀ ክፍተት ካለበት የተረጋገጠ እትም ይልቅ ከተረጋገጠ ሞጁል የተገኘና ክፍተቱ የተደፈነ እትም መጠቀም የሚቻልበትን መንገድ ከፍቷል። ይህ መሠረታዊ የአስተሳሰብ ለውጥ ነው ሊባል ይችላል።

ክፍት ምንጭ የሆነን ኮድ ጨርሶ መከልከል ይሻላል የሚል ሐሳብ በየመሥሪያ ቤቱ አልፎ አልፎ መነሳቱ አልቀረም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣውና በ2022 ባጠናከረው መመሪያ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር እንደ ማንኛውም የንግድ ሶፍትዌር የሚታይ መሆኑን ግልጽ አድርጓል። ክልከላው በተግባርም የሚቻል አይደለም፤ በገንዘብ የሚገዛው ሶፍትዌር ራሱ በክፍት ምንጭ ላይብረሪዎች የተሞላ ነውና። ጥብቅ ደንብ ያላቸው ተቋማት የሚከተሉት አሠራር ባለሙያዎቻቸው ላይብረሪ በቀጥታ ከኢንተርኔት እንዳያወርዱ መከልከል፣ በምትኩም በተቋሙ ውስጥ የተመረመሩና የተፈቀዱ እትሞች ብቻ የሚቀመጡበት ግምጃ ቤት ማቋቋም ነው። አይረን ባንክ የተባለው የመከላከያ ሚኒስቴሩ ማከማቻ ለዚህ አንድ ምሳሌ ነው።

ግምጃ ቤት ቢኖርም የጸሐፊው ማንነት ጥያቄ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 አንድ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ፣ ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተር ለመግባት የሚያገለግል ፕሮግራም በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አሳስቦት ባደረገው ማጣራት፣ ኤክስ ዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ላይብረሪ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር አገኘ። በሩን የከፈተው ከውጭ የመጣ ሰርጎ ገብ ሳይሆን፣ ከሁለት ዓመት በላይ ጠቃሚ ሥራ እየሠራ የአዘጋጅነት ሥልጣን የተሰጠው፣ በተጸውዖ ስም ብቻ የሚታወቅ ተባባሪ ነበር። የግብዓት ዝርዝር ቢኖር ላይብረሪውን በትክክል ይመዘግበው ነበር፤ የአዘጋጁን ዓላማ ግን የሚያሳይ ዓምድ በዝርዝሩ ላይ የለም። የተረፉት አዳዲስ እትሞችን ቶሎ የማይቀበሉ የተረጋጉ የሊኑክስ ስርጭቶች ተጠቃሚዎች ናቸው። በሎግ ፎር ጄ ጊዜ ያስጠቃው መዘግየት በኤክስ ዜድ ጊዜ አዳኝ ሆነ።

ኃላፊነቱ በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ክርክርም አልተቋጨም። የአሜሪካ የአስተዳደርና የበጀት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 አቅራቢዎች ደህንነቱ የተጠበቀ የሶፍትዌር አሠራር እንደሚከተሉ በፊርማቸው እንዲያረጋግጡ የሚጠይቅ መመሪያ አውጥቶ ነበር። በጃንዋሪ 2025 ይህን የሚያጠብቅ የሥራ አስፈጻሚ ትዕዛዝ ከወጣ በኋላ፣ በጁን 2025 አዲሱ አስተዳደር የማረጋገጫ ድንጋጌዎቹን የሚሰርዝ ትዕዛዝ አውጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት በተቃራኒው አቅጣጫ ተጉዟል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2024 የጸናው የሳይበር መቋቋም ደንብ፣ ምርቱን ለገበያ የሚያቀርበው አምራች በውስጡ ላስገባቸው ላይብረሪዎች ጭምር ኃላፊ እንዲሆን ያደርጋል፤ ዋና ዋና ግዴታዎቹም ከዲሴምበር 11 ቀን 2027 ጀምሮ ተፈጻሚ እንዲሆኑ ተወስኗል። ላይብረሪውን በነጻ የሚያበረክተው ግለሰብ ከዚህ ግዴታ ውጭ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የፋይዳ መታወቂያ ሥርዓት የተመሠረተበት ሞሲፕ፣ በሕንድ ባንጋሎር በሚገኘው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዓለም አቀፍ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረ ክፍት ምንጭ መድረክ ነው። በአብዛኛው የተጻፈውም ሎግ ፎር ጄ በተጻፈበት በጃቫ ቋንቋ ሲሆን፣ እንደማንኛውም ዘመናዊ ሶፍትዌር በሌሎች ላይብረሪዎች ላይ ይደገፋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የዜጎችን መረጃ የሚይዝ መሥሪያ ቤት ለመረጃው ደህንነት ተጠያቂ ነው። መረጃው የወጣው መሥሪያ ቤቱ ባልጻፈው ኮድ በኩል መሆኑ ባለመረጃውን የሚያጽናና ነገር አይደለም።

በመሥሪያ ቤቶች የሚወጡ የሶፍትዌር ጨረታ ሰነዶች በአብዛኛው የሚያተኩሩት ሥርዓቱ በሚሰጠው አገልግሎት፣ በዋጋና በርክክብ ጊዜ ላይ ነው። አቅራቢው የላይብረሪዎቹን ዝርዝር ከእትም ቁጥራቸው ጋር በማሽን በሚነበብ ቅርጽ እንዲያስረክብ፣ ከርክክብ በኋላ ክፍተት ሲታወቅ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያስተካክልና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በውሉ ላይ ማስፈር ከበጀት አንጻር ይህ ነው የሚባል ጭማሪ የሚያስከትል አይደለም። የዋስትናው ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ከ13ኛው ወር በኋላ የሚገኘው ክፍተት የማን እንደሆነ አስቀድሞ ቢጠየቅ ይመረጣል።

የፊፕስ ምስክር ወረቀት በአቅራቢዎች የማስተዋወቂያ ጽሑፍ ላይ የሚገኝ በመሆኑ የግዥ ኮሚቴዎች ሊያጣሩት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው 140-2 ደረጃ በ140-3 የተተካ ሲሆን፣ በቀድሞው ደረጃ የተሰጡ ምስክር ወረቀቶች በኒስት ንቁ መዝገብ ላይ እንዲቆዩ የተወሰነው እስከ ሴፕቴምበር 2026 ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ታሪካዊ መዝገብ ይዛወራሉ፤ በዚያ መዝገብ ያለ ሞጁል ለአዲስ ግዥ አይመከርም። የምስክር ወረቀቱን ቁጥር በኢንስቲትዩቱ ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው ያለክፍያ መፈለግ ይችላል። በሚመጣው ገጽ ላይ የሞጁሉ ስም፣ የእትም ቁጥሩና የተፈተነበት ኮምፒዩተር ዓይነት ተዘርዝሯል። የእትም ቁጥሩን በጨረታ ከቀረበው ዕቃ የእትም ቁጥር ጋር ማመሳከር ለኮሚቴው የሚፈጀው ከጥቂት ደቂቃዎች አይበልጥም።